ኮከብ ማጥናትና ኮከብ መቁጠር



ባለፈው አዲስ ዓለም ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ወንድማችን ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ዲፓርትመንት ልመርጥ ነው። ፊዚክስ ሞልቼ ወደፊት ከዋክብትን ባጠና ሐራም ነው እንዴ?» አለኝ። ቤተሰቡ ጤና እንዲሞላ ይፈልጋል። ጎረቤት ደግሞ «ልጃችሁ ኮከብ ቆጣሪ ሊሆን ነው» ብሎ አስደንግጧቸዋል።

ኮከብ ቆጣሪ ማለት ያንተንና የእናትህን ስም ደምሮ ዕጣህን ልንገርህ የሚል ነው። እሱን ዲናችን ዘግቶታል። የሥነ ፈለክ ባለሙያ የሚጠይቀው ግን ስለ ኮከቡ ስለራሱ ነው፤ ምን ያህል ይሞቃል? ከምን ተሠራ? ድምቀቱስ ለምን ይለዋወጣል? ብርሃኑን በቴሌስኮፕ ሰብስቦ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋዋል፤ መልሱንም ከዚያ ያነባል።

ሥራው ለኛ ባዕድ አይደለም። ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 እ.ኤ.አ. ስለ ቋሚ ከዋክብት መጽሐፍ ሲጽፍ የግሪኩን የበጥሊሞስን ዝርዝር ዝም ብሎ አልገለበጠም፤ ራሱ ሰማዩን እያየ የከዋክብቱን ድምቀት አረመ። ኢብኑ አሽ-ሻጢር ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆ ኡመውያ መስጂድ ሙወቂት፣ ማለትም የሰላት ወቅት ጠባቂ ነበር። እኔ ዛሬ ከስልኬ አይቼ የምናገረውን ሰዓት እሱ ከሰማይ ነበር የሚያወጣው!

አገራችን ውስጥም በሩ ክፍት ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታየናል። ክረምት ሲገባ ግን ደመናው ይዘጋዋል፤ የአዲስ አበባ መብራትም ያስቸግራል።

ለቤተሰቡ አልደበቅኳቸውም። እንጀራው ፈጥኖ አይመጣም። ከፊዚክስ በኋላ ማስተርስና ዶክትሬት አለ፤ የሥራ ቦታውም ጥቂት ነው። ብርዳም ሌሊቶች አሉት፤ ከዚያ የሚበዛው ግን ኮምፒውተር ላይ የሚያልፈው ቀን ነው። ቢሆንም በኔ እይታ ልጁ ፊዚክስ ይሙላ።

መድረሳ የቀራችሁማ ስሞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሪጀል የሚባለው ኮከብ «ሪጅል»፣ እግር ነው። ቤተልጁዝ ደግሞ «የድ አል-ጀውዛእ» ነበር፤ ድሮ የ«ያ»ን ሁለት ነጥብ እንደ «ባ» አንድ ነጥብ አንብበውት ነው የተበላሸው። በታኅሣሥ ከዒሻ በኋላ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ ደባርቅ ያላችሁ ጋቢ ደርቡ። የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ታያላችሁ። ከነሱ በስተግራ ቀላ ያለው ቤተልጁዝ፣ በስተቀኝ ነጣ ያለው ሪጀል ነው። ብረት አንጥረኛው ጋ ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ እሳቱ ሲበረታ ይነጣል። ከዋክብትም እንደዚያው ናቸው፤ ነጩ ሪጀል ከቀዩ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሞቃል።