ከአባታችን ሞት በኋላ ወደ ዳክዬ አደን ስለ መመለሳችን

አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመት እስኪጠጋ ድረስ የወፍ ጠመንጃቸው ከቆዳ ማኅደሩ ሳይወጣ በመኝታ ቤታቸው ማዕዘን ቆሞ ነበር። ዘመዶቻችን ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ዓይናቸውን ወደዚያ ጣል እያደረጉ «ቢሸጥ ይሻላል» ይሉናል፤ እኛም «እናስብበታለን» እንላለን። ዳሩ ግን አላሰብንበትም። እናታችን ብቻ በየሳምንቱ አቧራውን ይጠርጉለት ነበር እንጂ ሽጡትም አትሽጡትም ብለው አያውቁም።

አንባቢ ስለ ዳክዬ አደን መጻፋችንን ሲያይ ሳይደነቅ አይቀርም። ቆቅና ጅግራ ቢሆን የአባት ልማድ ነው፤ ዳክዬን ግን ከእኛ ወገን ማን ያድነዋል፤ ማንስ ይበላዋል? ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ አስቀድመን ልናስረዳ ይገባናል።

አባታችን በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በጸሐፊነት ሲያገለግሉ በዕረፍት ቀን ወደ ቆላው ወርደው ጅግራ የማደን ልማድ ነበራቸው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሥራቸውንም ጠመንጃቸውንም አጡ፤ በ1970 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥተው ጥቂት ዓመት ከተንከራተቱ በኋላ ወደ አሜሪካ አገር ተሻገሩ። እዚያም በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ፥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀምጠው ቲኬት እየቆረጡ እኛን አሳደጉን። ደብዳቤ ሲያረቁና ማኅተም ሲያሳርፉ የኖሩ ሰው ስለዚህ ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማንም። ነገር ግን ማታ ሲገቡ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን የአባታችን ድምፅ ተፈጥሮው እንደዚያ ይመስለን ነበር።

በዚያ ስፍራ መኪናቸውን ዘወትር የሚያቆሙ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ የታኅሣሥ ቀን የመኪናቸውን የኋላ ሣጥን ሲከፍቱ፥ አባታችን በውስጡ የተጋደሙትን ዳክዬዎችና ማኅደሩ ያልተዘጋውን ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ጠመንጃ አዩና «ቤልጅግ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጠመንጃው በእውነት በቤልጅግ አገር፥ በሊዬዥ ከተማ የተሠራ ነበር። ሽማግሌው ቲኬት ቆራጩ ይህን በማወቃቸው ተገርመው ብዙ ተጨዋወቱ፤ በሚከተለው ቅዳሜም ወደ አደኑ ይዘዋቸው ሄዱ። የዚያን ዕለት ማታ አባታችን ሲመለሱ ድምፃቸው ገና ከደረጃው ሥር ይሰማ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ጠመንጃ የአባታችን ሆነ፤ ሽማግሌው በስንት ዋጋ እንደ ሸጡላቸው ጠይቀን «በወዳጅነት ዋጋ» የሚል መልስ ብቻ አግኝተናል።

አደኑ የሚደረግበት ስፍራ ቼሳፒክ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በምሥራቅ ዳርቻው ቄጠማና ረጃጅም ሣር የበቀለበት ሰፊ ረግረግ አለ። በካናዳ አገር ውኃው በረዶ መሆን ሲጀምር ዳክዬና ዝይ ከዚያ እየሸሹ በብዙ መንጋ ወደዚህ ይወርዳሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴዎች በጀልባ ላይ በተጠመደ ታላቅ ጠመንጃ በአንድ ተኩስ ብዙ ወፍ እየፈጁ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። በኋላ ግን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1918 በወጣው ሕግ ይህ ንግድ ተከለከለ። ከ1934 ጀምሮ ደግሞ ዳክዬ የሚያድን ሰው ሁሉ በየዓመቱ የመንግሥት ቴምብር እንዲገዛ ታዘዘ። መጀመሪያ ዋጋው አንድ ዶላር ነበር፤ ዛሬ 25 ዶላር ነው፤ ገንዘቡም ወፎቹ የሚያርፉበትን ረግረግ ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። አዳኙ በቴምብሩ ፊት ላይ በቀለም መፈረም አለበት። አባታችን የቀድሞ ጸሐፊ ስለ ሆኑ ይህን ሥርዓት ከተኩሱ አስበልጠው ሳይወዱት አይቀሩም፤ በየዓመቱ በአማርኛ ፊደል አሳምረው እየፈረሙ፥ ወራቱ ሲያልፍ በደብተር ይለጥፉት ነበር። ከሞቱ በኋላ ብንቆጥረው 22 ቴምብር ሆነ።

ዳክዬውን በተመለከተ፥ በእናታችን ቤት ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ ወደ ድስት አይገባም። አባታችንም አይበሉትም ነበር። የገደሉትን ሁሉ ላባውን ነጭተው ለሽማግሌው ቤት ይሰጣሉ። እናታችን አንድ ጊዜ እኛ ባለንበት «የማይበሉትን ለምን ይገድላሉ?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን «ሰው ይበላዋል እኮ» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ። መልሱ እናታችንን እንዳላረካቸው በፊታቸው አየን፤ እውነቱን ለመናገር እኛንም አላረካንም፤ ዛሬም ቢሆን የተሻለ መልስ የለንም።

እኛም ከአሥራ ስድስት ዓመታችን ጀምሮ አብረን እንሄድ ነበር። ሥራ ከያዝን በኋላ ግን መሄዳችን እየቀነሰ ሄደ። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር አባታችን በስልክ «ልጄ፥ ቅዳሜ ነፋሱ ጥሩ ነው አሉ» ቢሉን፥ ጉዳይ እንዳለብን ነገርናቸው። ጉዳዩ ምን እንደ ነበረ አሁን ማስታወስ አልቻልንም። በዚያው ዓመት በጥር ወር በ84 ዓመታቸው አረፉ።

በአገራችን ማዕረግ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፥ ጋሻውና ጠመንጃው ለሕዝብ እየታየ፥ ሙሾ ሲወርድ ጥይት ይተኮስ እንደ ነበረ ሽማግሎች ያስታውሳሉ። በሜሪላንድ ግን ለቅሶው የተደረገው በተከራየነው አዳራሽ ነው። እስከ አራት ሰዓት ማታ ድረስ ተፈቅዶልን ነበርና አልቃሹ ሁሉ ሰዓቱን እያየ አለቀሰ። የአባታችን ታናሽ ወንድም ከአዳራሹ ስንወጣ ክንዳችንን ያዙና «ወንድሜ ያለ አንዲት ጥይት ገባ» አሉን። ወቀሳ አልነበረም፤ ቢሆንም ቃሉ ከጆሮአችን አልወጣም።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ሽማግሌው ስልክ ደወሉልን። እርሳቸውም አርጅተዋል። «የመደበቂያ ጎጆውን ማዕበል እየበላው ነው፤ የሚመጣውን ዓመት አይደርስም፤ ና» አሉን። በዚያ አገር ባሕሩ ከፍ እያለ፥ ምድሩም ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ረግረጉ በየዓመቱ ወደ ውኃ ይለወጣል። ብላክዋተር በሚባለው የወፎች መጠበቂያ ብቻ ከ1930ዎቹ ወዲህ 2 ሺህ ሄክታር ያህል፥ በእኛ መስፈሪያ 50 ጋሻ የሚሆን ረግረግ ጠፍቷል። አባታችን መጀመሪያ ያደኑበት የቄጠማ ደሴትም ዛሬ የለም፤ ጀልባ በላዩ ያልፋል።

ማኅደሩን በከፈትን ጊዜ ጠመንጃው ዘይት ተቀብቶ ንጹሕ ሆኖ አገኘነው። ጥይቱ ግን ሌላ ችግር ነበረው። ዳክዬዎች በጭቃው ውስጥ የወደቀውን እርሳስ ከጥራጥሬ ጋር እየዋጡ ስለሚሞቱ፥ ከ1991 ጀምሮ በአሜሪካ ሁሉ የውኃ ወፍ በእርሳስ ማደን ክልክል ነው። በምትኩ የሚሠራው የብረት ፍንጣሪ ደግሞ የጥንት ጠመንጃን አፈ ሙዝ ይጎዳል። ስለዚህ አባታችን ቢስሙት ከሚባለው ለስላሳ ማዕድን የተሠራውን ውድ ጥይት ይገዙ ነበር። በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁለት ጥይት፥ አንድ ጥቅል ሲባጎና ጥቂት ፍሬ ቆሎ አገኘን። ጥይቱንና ሲባጎውን አወጣን፤ ቆሎውን እዚያው ተውነው።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ታላቁን ድልድይ ተሻግረን፥ ከሽማግሌው ጋር በጀልባ ወደ ጎጆው ገባን። ከዚህ በኋላ የሆነውን ስንጽፍ ጥቂት ማፈራችን አይቀርም። አሥራ ሁለቱን የእንጨት ዳክዬዎች በውኃው ላይ ማሰማራት የአባታችን ሥራ ነበር። እኛ ያን ጊዜ ሁሉ የምናደርገው ፋኖስ መያዝ ብቻ ኖሯል። ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ አዳኝ ነን ስንል እንግዳ ነበርን! ዳክዬ ሲያርፍ ፊቱን ወደ ነፋስ መልሶ ስለ ሆነ፥ በእንጨት ዳክዬዎቹ መካከል ማረፊያ የሚሆነው ባዶ ውኃ ከነፋሱ በታች በኩል መተው አለበት። እኛ ግን ገልብጠን ተውነው። ብርሃን ሲመጣ የመጀመሪያው መንጋ ከሩቅ ዞሮ አየንና ክንፉን መትቶ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ አደረገ። ይባስ ብሎ ሁለቱ የእንጨት ዳክዬዎች ከመልሕቃቸው ተፈትተው በነፋስ ተነዱ።

ሽማግሌው ከመጀመሪያ አይተውት ኖሮ፥ ዝም ብለው ቡናቸውን ከጠጡ በኋላ «አባትህ ያሰሩት አንድም ተፈትቶ አያውቅም» አሉን። ወደ ውኃው ወርደን፥ እጃችን እስኪደነዝዝ ድረስ ሁሉን እንደ ገና አሰማራን። ያሰርንበት ቋጠሮ ግን የራሳችን እንጂ የአባታችን አልነበረም፤ እንዴት ያስሩ እንደ ነበረ አይተን አናውቅምና። የእንጨት መጥሪያቸውን በአፋችን አድርገን ብንነፋም የወጣው ድምፅ የታመመ በግ ይመስል ነበር። የሽማግሌው ውሻ አባታችን ይቀመጡበት በነበረው ወገን ሄዶ ተኛ። ከልማድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ላለማየት ወደ ሌላ ስፍራ ተመለከትን።

ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ አረንጓዴ ራስ ወንድ ዳክዬ ብቻውን መጣና እግሩን ዘርግቶ ሊያርፍ ወረደ። ተኮስን፤ ወደቀ። የጠመንጃው ድምፅ በረግረጉ ላይ ሄዶ፥ ማዶ ካለው ዛፍ ደርሶ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ የአጎታችን ቃል ትዝ አለን። ውሻው ወደ ውኃው ሲዘል፥ ሁለተኛውን አፈ ሙዝ ወደ ባዶው ሰማይ አንሥተን ተኮስን። ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን ፈለጉና «ምን አየህ?» አሉን። «ምንም» አልናቸው። ጥቂት ቆይተው «ያ ጥይት ውድ ነው» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ውኃው መልሰው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ዳክዬውን እንደ ልማዱ ላባውን ነጭተን ለሽማግሌው ቤት ሰጠን። ማታ ስንገባ እናታችን ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ይጠብቁን ነበር። ስንት እንደ ገደልን አልጠየቁንም። ስለ ተፈቱት የእንጨት ዳክዬዎችና ስለ ቋጠሮው ስናወራላቸው ግን ሲባጎውን ከእጃችን ተቀበሉ። «እርሳቸው የሚያስሩት የአጋሰስ ጭነት ቋጠሮ ነው፤ እኔ ነኝ ከአባቴ ቤት ያመጣሁት» አሉና በወንበሩ እግር ላይ ሁለት ጊዜ አስረው አሳዩን። በሦስተኛው እኛ አሰርን፤ ሳቡት፤ ተፈታ። «እንደ ገና» አሉን።

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ ሁለቱንም በዚያ ቋጠሮ አስረን አሰማራናቸው። አንዱ ብቻ ተፈታ።