ከጦር ኃይሎች እስከ ውሃው ሆድ

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ነው። ከዚያ ወርዶ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ የያዘ መንገደኛ ሰበታ ይደርሳል፤ በዚያም የዓሣን ኑሮ የሚመረምር ብሔራዊ ማዕከል ያገኛል።

በሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት ሐይቁ በረዶ ሲለብስ፣ አጥማጁ በረዶውን ሰርስሮ ካሜራ ወደ ውሃው ይሰድዳል፤ ዎልአይ የተባለው ዓሣ ወደ መንጠቆው ሲቀርብም በቴሌቪዥን መስተዋት ያየዋል። የዚህ ዓሣ ዓይን በድፍርስ ውሃም ያያል፤ ካሜራው ግን በድፍርስ ውሃ ዕውር ነው።

የኛም ጣና ድፍርስ ነው። ጎርፍ ከእርሻ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር ያደፈርሰዋል። ስለዚህ ተመራማሪው፣ ኢጣልያዊው የከዋክብት ሊቅ አንጄሎ ሴኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 የሞከረውን ክብ ሳሕን በገመድ አውርዶ፣ ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ይለካል። ልኩ ባነሰ ቍጥር ብርሃን ለአልጌው፣ አልጌውም ለቆሮሶው ይጐድላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በተራራው ላይ እርከን የሠራ ገበሬ ሐይቁን ሳያይ ለአጥማጁ መስኮት ከፈተለት ማለት ነው።