በሚስቱ አገር ማርጀት የፈለገ ሰው በየት በኩል ይግባ?

የውጭ አገር ሰው ወደ ኢትዮጵያ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት አይደሉም። ለጎብኚው የቱሪስት ቪዛ አለ። ለባለሀብቱ የኢንቨስትመንት ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ለተቀጣሪው የሥራ ፈቃድ፣ ለተሰደደው የስደተኛ መታወቂያ አለ። ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ አሜሪካዊ ደግሞ «ቢጫ ካርድ» አለ። የሥራ ዘመኑን የጨረሰ፣ ንግድ የማይከፍት፣ ሥራ የማይፈልግ፣ ቀሪ ዕድሜውን ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ጋር በሚስቱ አገር መኖር ብቻ የሚሻ ሰው ሲመጣስ? እዚህ ላይ መልሱ ይንተባተባል።

ጥያቄው የሀብታም ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ጡረታ ወጥቶ በሰው አገር መኖር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ታይላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ የተቀመጠ ፈረንጅን ነው። ጉዳዩን ከባምባሲ ሆኖ ሲያዩት ግን መልኩ ይለወጣል።

ባምባሲ ከአሶሳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢው በርታው፣ ማኦው፣ ኦሮሞው፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረውም አብረው ይኖራሉ። የሱዳን ድንበር ሩቅ አይደለም። ያ ድንበር በወረቀት የሰፈረው አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ነው። የበርታ ሕዝብ ግን ከውሉ በፊትም ነበረ፤ ከውሉ በኋላም ከመስመሩ ግራና ቀኝ ቀረ። በኩርሙክ በኩል ሰው ለገበያ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ሲመላለስ ኖሯል። እንጀራ ፍለጋ እስከ ካርቱም የዘለቁ፣ እዚያው ትዳር ይዘው ልጅ ያሳደጉ ብዙ ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ወደዚህ ዞረ።

እስቲ አንድ ባልና ሚስት አስቡ። ሚስት የባምባሲ ልጅ ናት፤ በወጣትነቷ ካርቱም ሄደች፤ ሱዳናዊ አገባች፤ ኒካሑ በሽማግሌና በሼኽ ፊት ታሰረ። ሠላሳ ዓመት አብረው ኖሩ። ባል አሁን 66 ዓመቱ ነው። ቤታቸው በጦርነቱ ጠፍቶ፣ ማንጎ ወዳለበት ወደ ወላጆቿ ግቢ ተመልሰዋል። እሷ ዜግነቷን አልለወጠችም። እሱ ደግሞ ከእሷ ጋር ማርጀት እንጂ ሌላ ጉዳይ የለውም። እነዚህ ባልና ሚስት በምናብ የተፈጠሩ ናቸው። የሚገጥማቸው ሕግ ግን እውነተኛ ነው።

የመጀመሪያውና ቅርቡ በር ስደተኝነት ነው። ባምባሲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከብሉ ናይል የተሰደዱ ሱዳናውያን የተጠለሉበት መጠለያ አላት። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም በአፍሪካ ሰፊ መብት ከሚሰጡት የስደተኛ ሕጎች አንዱ ነው። ነገር ግን ስደተኝነት በተፈጥሮው ጊዜያዊ ነው። የተሰጠው ሰውየው አገሩ መመለስ ስለማይችል ነው፤ ምክንያቱ ሲያበቃ ከለላውም ያበቃል። በዚህ በር የገባ ባል በሚስቱ ቤት የማደሩ መብት የተንጠለጠለው በትዳሩ ሳይሆን በካርቱም ጦርነት ላይ ነው። አገሩ ሰላም ይሁን ብሎ ዱዓ ባደረገ ቁጥር የራሱን መኖሪያ የሚያሳጣውን ቀን እየለመነ ነው።

ሁለተኛው በር ዜግነት ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው በጋብቻ ዜግነት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጋብቻው ሕጋዊ መሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሞላው መሆን፣ አመልካቹም ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። ይህ ከቀድሞው ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ወንድ ላገባች የውጭ ሴት በጋብቻዋ ብቻ ዜግነት ይሰጣት ነበር፤ ኢትዮጵያዊት ላገባ የውጭ ወንድ ግን ይህን ዕድል አልሰጠም። በዚያ ሕግ ዘመን ቢሆን የባምባሲዋ ሴት ባል በትዳሩ ምክንያት ዜግነት የሚጠይቅበት መንገድ አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ይህ በር ዋጋ አለው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ባል የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ ወይም መልቀቅ እንደሚችል ማሳየት ይኖርበታል። በ66 ዓመቱ፣ ወንድሞቹና የወላጆቹ መቃብር ባሉበት አገር እንግዳ ሁን ማለት ነው። እሷም ካርቱም ሳለች የሱዳንን ዜግነት በፈቃዷ ወስዳ ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያን ታጣ ነበር። ሕጉ በሁለቱም በኩል የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ አንዱን ምረጡ። ሠላሳ ዓመት አብረው ለኖሩ ሰዎች ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ቢጫ ካርድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይገባል፣ ይኖራል፣ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ያፈራል። መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠር ግን አይችልም። አዋጁ መልካም ነው፤ ዳያስፖራውን ከአገሩ ጋር አስታርቋል። ልብ በሉ ግን፦ ሕጉ የሚቆጥረው ደም ነው። ኢትዮጵያን በዓይኑ ያላየ፣ ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ወጣት በሩ ይከፈትለታል። ሠላሳ ዓመት ከኢትዮጵያዊት ጋር አንድ መሶብ የቆረሰ ሽማግሌ ግን በዚህ መለኪያ ባዕድ ነው። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለው ተረት በሠርግ ላይ እንጂ በአዋጁ ውስጥ አልገባም።

የሚቀረው በጋብቻ ላይ የተመሠረተ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለዚህ ባል የሚስማማውም ይኸው ነው፤ ዜግነቱን ሳይለቅ ሚስቱ ዘንድ ይኖራል። ነገር ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በሼኽ፣ በቄስ ወይም በሽማግሌ የታሰረ ትዳር ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ የምስክሮቹ ትዝታ ነው። ካርቱም የተጻፈ ሰነድ ቢኖርም በጦርነቱ ከቤቱ ጋር ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ ምስክር ወረቀት በሌለ ጊዜ ሰዎቹ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን፣ ቤተዘመዱና ማኅበረሰቡም እንደዚያ የሚያያቸው መሆኑን በምስክር አስረድቶ ጋብቻን ማረጋገጥ እንደሚቻል ይቀበላል። የሚያስፈልገው ፍርድ ቤት በዚህ መንገድ ያረጋገጠው ትዳር በኢሚግሬሽን መስኮት ላይም እንደ ምስክር ወረቀት እንዲቆጠር በግልጽ መደንገግ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ፈቃዱ የቆመው በጋብቻ ላይ ከሆነ፣ ሚስት ቀድማ ብትሞት በምን ላይ ይቆማል? ጡረታ ለመውጣት ስለሚመጣ ሰው እየተነጋገርን ሞትን መዝለል አይቻልም።

ቤቱን እንመልከት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም፤ የሚያገኘው ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል፤ አንቀጽ 391 እንዲህ ያለ ንብረት በእጁ የተገኘ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ያዛል። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ዝቅተኛው መነሻ ግን 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። ለባምባሲው የቆርቆሮ ቤት ይህ ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌ ከአርባው በኋላ ሊጠየቅ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ እዚህ የምትኖረው በምን ፈቃድ ነው? ይህስ ቤት በምን ሕግ ያንተ ሆነ?

ሌሎች አገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። ታይላንድ 50 ዓመት ለሞላው ጡረተኛ 800 ሺህ ባት በባንክ እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ታይላንዳዊት ያገባ ከሆነ ግን የሚጠየቀው በግማሽ ይቀንስና 400 ሺህ ይሆናል። ጎረቤት ኬንያ ሥራ ሳይሠራ ከውጭ በሚያገኘው ገቢ ለሚኖር ሰው «ክላስ ኬ» የሚባል ፈቃድ አላት፤ በዓመት 24 ሺህ ዶላር ገቢ ማሳየት ግድ ነው። እነዚህ በገንዘብ የተለኩ በሮች ናቸው። የድንበር አካባቢ ትዳር ግን በዶላር አይለካም። መለኪያው ዓመት ቢሆን ይሻላል።

መንግሥት የሚሰጋው ያለምክንያት አይደለም። ለወረቀት ሲባል የሚታሰር የሐሰት ጋብቻ በየትም አገር አለ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም በቅርብ ዓመታት ደም የፈሰሰበት ክልል ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሐሰት ጋብቻ ሠላሳ ዓመት አይቆይም፤ ሦስት ልጅና አምስት የልጅ ልጅም አያፈራም። እንዲያውም ሰውየው በሕግ ቢመዘገብ፣ አድራሻው ቢታወቅ፣ በቀበሌው መዝገብ ላይ ቢኖር ለጸጥታውም ይበጃል። በር የሌለው ሰው በአጥር ይገባል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ትዳር ላለው የኢትዮጵያዊ የትዳር ጓደኛ በየጊዜው የማይታደስ፣ በሞት የማይቋረጥ የዕድሜ ልክ የመኖሪያ ፈቃድ፤ አብሮ በኖረበት ቤትም ባለቤት ባይሆን እንኳ እስኪሞት የመኖር መብት። ሁለቱም አገሪቱን መሬት አያሳጧትም፤ ዜግነቷንም አያረክሱባትም።

የባምባሲ ዕድር እንዲህ ያለውን ሰው ከመዘገበው ቆይቷል። ወርኃዊ መዋጮውን ይከፍላል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ድንኳን ይተክላል። ሲሞት የሚቀብረው ይኸው ዕድር ነው። እስከዚያ ድረስ በሚስቱ ቤት ተረጋግቶ የሚኖርበትን ወረቀት መስጠት የሕግ አውጪው ሥራ ነው።