የዋጫ ጓሮና የእንሰት ቢላ

ዋጫ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የጨና ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ ደን ለደን ይሄዳል። ይህን የከፋ ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. መዝግቦታል። ስለ ደኑ ቡና ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ጓሮ ነው።

በዋጫ ዙሪያ ስንሄድ መጀመሪያ ያየነው እንሰቱን ነው። ቤቱ ከእንሰቱ ኋላ ተደብቋል። በጓሮው ጎደሬ አለ፣ ጎመን አለ፣ ሙዝ አለ። እህል ቢጎድል እንኳ ቆጮ አለ። እንሰት ሲታመም ግን ቤተሰቡ በሙሉ ይቸገራል።

በአንድ ጓሮ የታመመ እንሰት አየን። የመሀሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ዘንበል ብሏል። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ አወጣ። ይህ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። በአገራችን በእንሰት ላይ መኖሩ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መገኘቱ ተጻፈ። በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻ መታው። መድኃኒት የለውም። የያዘው ተክል አይድንም።

ታዲያ ከጓሮ ወደ ጓሮ ማን ይወስደዋል? ከሁሉ በላይ ቢላ ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን ያስተላልፋል። የታመመ ቅጠል የሚበሉ ከብቶችም ያዛምታሉ።

ቢላውን በእሳት ማሳለፍ ይበጃል ስንል አንዲት እናት አቋረጡን።

«ልጆቼ፣ እሳት ስለቱን ይገድለዋል። ቢላው አንድ ነው፤ የጎረቤትም ሥራ አለበት። ስለቱ ከሞተ በምን እንፍቃለን?»

እውነታቸውን ነው። ስለት የሚሞተው ቢላው ፍም ውስጥ ሲቆይ ነው። «እማማ፣ ይቅላ አላልንም። ነበልባሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይበል፤ ብረቱ እስኪግል ብቻ» አልናቸው። እሳት ከሌለ በረኪና አለ። አንድ ስኒ በረኪና በአምስት ስኒ ውሃ ይበጠበጣል። በፊት ግን አፈሩና ጭማቂው ከቢላው ይታጠብ፤ ቆሻሻ ካለበት በረኪናው አይሠራም። በረኪና የሚለውን ቃል ከጠርሙሱ ላይ ራሳችሁ አንብቡ፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጠርሙስ ይመሳሰላል።

የታመመው ተክል ከነሥሩ ይነቀል፤ ተከትፎ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ከብት አይቅመሰው፤ መንገድ ላይም አይጣል። በቦታው ለጊዜው እንሰትም ሙዝም አይተከል። ጎመን ወይም ጎደሬ ይሁንበት፤ እነሱን ይህ በሽታ አይዛቸውም። አንዳንድ ሰው መሬቱ ባዶ ሲሆን ያዝናል። ከከተማው ዳር ያየነው ጎመን ግን ከእንሰቱ ጥላ ወጥቶ ጥሩ አድጓል።

በጋው የዝግጅት ጊዜ ነው። ለችግኝ የሚቀበረው አምቾ ሕመም ካልታየበት ጓሮ ይምጣ። የመሀሉ ቡቃያ ወጥቶ ፍግ ተጨምሮበት ሲቀበር ከአንድ አምቾ ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ዘመድ የሰጠው ችግኝ ቢሆንም የመጣበት ጓሮ ይጠየቅ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ሙዝ ያላችሁ ደግሞ ዘለላው ፍሬ ይዞ ሲያበቃ ከታች የተንጠለጠለውን ቀይ እምቡጥ አንሱት። ነፍሳት በሽታውን የሚያመጡት በእሱ በኩል ነው። በቢላ አይቆረጥ፤ ባላ እንጨት ይዛችሁ ጠምዝዛችሁ ስበሩት።