ምክንያቱ ግን እሱ ነው?

ለጂማት ፈተና ሳጠና ልቤን የወሰደው «ክርክሩን የሚያዳክመው የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ይታያሉ፤ ወዲያው አንዱ የሌላው ምክንያት ይደረጋል። ክርክሩን ለማዳከም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሁለቱንም ያመጣ ሌላ ነገር የለም? ምክንያትና ውጤት ተገለባብጠው ይሆን? ምክንያቱ ሳይኖርስ ውጤቱ ታይቷል?

የፈተና ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች ላይ የልብ ሕመም አንሶ ታየና «ሆርሞን ልብን ይጠብቃል» ተባለ። ወሳጆቹ ግን በአብዛኛው የተሻለ ኑሮና ትምህርት ያላቸው፣ ሐኪም ዘንድ የሚመላለሱ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ጥምር ሆርሞን፣ ሌላው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ስለተገኘ ሙከራው ከጊዜው በፊት ቆመ። የልብ ሕመሙም ሆርሞን በወሰዱት ላይ ብሶ ነበር።

ጋዜጠኝነት ስማር «ለምን?» ብዬ እንድጠይቅ ተነግሮኛል። ይህ ፈተና ደግሞ መልሱን ካገኘሁ በኋላ «ሌላስ?» ማለትን ጨመረልኝ። «ለልብ ፍቱን» ብለን የምንጽፈውን ርዕስ እኮ አንብባ ክኒኑን የምትውጠው የአንዳችን እናት ናት።