ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቤት

በ2008 ዓ.ም. ቤት ለመግዛት ስንነሣ በእጃችን የነበረው ገንዘብ ከየአቅጣጫው የተለቃቀመ ነበር። የእኔና የባለቤቴ ቁጠባ አለ፤ ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰድኩት ብድር አለ፤ ባለቤቴ የጣለው እቁብም ደርሶታል። የጎደለውን አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ሞላችው፤ "እማዬ የምታርፍበት ቤት ከሆነ" ብላ። ከዚያ በፊት በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበን፣ በ2005 እንደገና ተመዝግበን፣ በየወሩ ንግድ ባንክ እየቆጠብን ዕጣ ስንጠብቅ ኖረናል። ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ ላይ ስማችንን እንፈልጋለን፤ የለም። አከራያችን ደግሞ ክፉ ሰው ባይሆኑም በየጊዜው በር አንኳኩተው "ልጆቼ፣ ኑሮውን እያያችሁት ነው" ይሉናል። በመጨረሻ ዕጣውን ትተን ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ ለመግዛት ቆረጥን።

ፍለጋው ሲጀመር የሁላችንም ሐሳብ ለየቅል መሆኑ ወጣ። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ የሚጠይቀው ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የባንክ ዕዳና እግድ እንዳለበትና እንደሌለበት፣ የመጨረሻ ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። እህቴ በቫይበር እየደወለች "ግቢ ያለው ፈልጉ፣ እማዬ ደረጃ አትችልም" ትላለች። እኔ ብርሃን እወዳለሁ፤ ተከራይተን የኖርንበት ሰርቪስ ቤት በጠራራ ፀሐይ እንኳ መብራት የሚበራበት ስለነበር ከዚያ ለመውጣት ነፍሴ ትጓጓ ነበር። እማዬ ስትጠየቅ "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተን ያስደሰተ" ትላለች። ነገር ግን የትኛውም ቤት ስንገባ ቀጥ ብላ ወጥ ቤቱን ታያለች፤ ቀጥሎ መስኮት ጋ ቆማ "ምሥራቅ በየት በኩል ነው?" ትላለች።

ይህ ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እማዬ ትዳር የያዘችው፣ እኛንም የወለደችው ልደታ፣ አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ያቺም ቤት የቀበሌ ሆነች፤ ኪራይዋ ከጥቂት ብር አልፎ አያውቅም። ግድግዳዋ ያበጠ፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ ቤት ነበረች። ግን በሯ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ፀሐይ እየሞቀች ጎመኗን ትቀነጥሳለች፣ ሽንኩርቷን ትልጣለች፣ ከጎረቤት ጋር ትጫወታለች። ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ እኛ ጋ መጣች፤ ጉልበቷን የያዛት ቁርጥማትም የባሰባት ከዚያ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲያድር ምን እንደሚያደርግ እሷ በጉልበቷ ታውቀዋለች።

ግቢ ያለው ቤት ቶሎ ቀረ። በእኛ ገንዘብ የሚገኘው ግቢ ወይ ከከተማው ወጥቶ መብራትና ውሃ ያልገባለት ነው፣ ወይ ካርታ የለውም። ደላሎቹ "በሰፈሩ ሁሉም እንዲሁ ነው፣ በኋላ ይስተካከላል" ሲሉ ባለቤቴ "ካርታ ሲወጣለት ጥሩን" ብሎ ይሸኛቸዋል። አምስት ዓመት ያልሞላው ኮንዶሚኒየምም ቀረበልን፤ መሸጥ ስለማይፈቀድ በውክልና የሚያዝ፣ ዋጋው በጣም የሚቀንስ። በእሱም በኩል ባለቤቴ አልተበገረም፤ ትክክልም ነበር። እማዬን ይዞ ነገ የሻጭ ወራሽ በሩን የሚያንኳኳበት ቤት ውስጥ መግባት ለማንም አይመከርም።

እንዲህ እያልን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረስን። ደላላው የወሰደን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው። ባለ ሁለት መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። በሩ ሲከፈት እህቴ በስልኩ ካሜራ እያየች "ውይ ሲያምር!" አለች። በእርግጥ ያብረቀርቃል። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ አበባ የተቆረጠ፣ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራ። ወለሉ መልክን የሚያሳይ ነጭ ሴራሚክ ነው። የሳሎኑ አንድ ግድግዳ በወርቃማ የግድግዳ ወረቀት ተለብጧል። ሻጩ እጁን ዘርግቶ "ፊኒሺንጉ ሙሉ በሙሉ ያለቀ ነው፤ ሻንጣችሁን ይዛችሁ መግባት ብቻ ነው" አለን። የጠየቀው 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ነው።

እማዬ ጫማዋን አውልቃ ሴራሚኩ ላይ ሁለት እርምጃ ሄደችና ግድግዳውን ያዘች፤ ያንሸራትታል። ወጥ ቤት ገባች። የወጥ ቤቱ በረንዳ በአሉሚኒየም ተዘግቶ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ የምጣዱ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። እኔ የሳሎኑን ከባድ መጋረጃ ገለጥ ሳደርገው በቅርብ ርቀት ሌላ ብሎክ ተደቅኗል። ጂፕሰሙ ኮርኒሱን ዝቅ ስላደረገው ደግሞ ረጅሙ ባለቤቴ እጁን ቢያነሣ ሊነካው ምንም አልቀረውም። መብራቱ ጠፍቶ እንድናየው ብጠይቅ ደላላው "እህቴ፣ መብራቱ እኮ ከቤቱ ጋር ነው የሚሸጠው" አለኝ።

ማታ ባለቤቴ ወረቀት አውጥቶ ሒሳቡን ሠራ። እዚያው ሠፈር ምንም ያልተሠራለት ተመሳሳይ ቤት 1 ሚሊዮን 20 ሺህ ይጠየቅበታል። ልዩነቱ 230 ሺህ ብር ነው። ሴራሚኩን በካሬ፣ ካቢኔቱን፣ ጂፕሰሙን፣ የእጅ ዋጋውን አንድ በአንድ ደምሮ ከዚያ ልዩነት ብዙ ዝቅ ያለ ቁጥር አገኘ። ለእኔ ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ የምንከፍለው ለሌላ ሰው ምርጫ ነው። ሰውየው የወደደውን ሠርቷል፣ መብቱ ነው፤ ያ ወርቃማ ወረቀት ግን እኔ ቤት አንድ ወር አይቆይም። ከፍለን ገዝተን፣ ከፍለን ልናስፈርሰው ነው። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ገበያ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስሰው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መንግሥት ቤቶቹን ሳይጨርስ ያስረክብ ነበር፤ ወለሉንም ቀለሙንም ዕድለኛው እንዳቅሙ ይሥራው ብሎ ነው። ያ ያልተጨረሰ ግድግዳ ግን ለገዢ ትልቅ ዕድል ነው።

ያልተሠራውን ቤት ለማየት ስንሄድ እማዬ "ጠዋት እንሂድ" አለች። ደላላው ከሰዓት ነበር የፈለገው፤ ለካ ሳሎናቸው ወደ ምዕራብ የሆኑ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ብርሃን በብርሃን ሆነው ስለሚያምሩ ደላሎች ሰው የሚወስዱት በዚያን ሰዓት ነው። እኛ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ብሎኬቱ እንዳለ፣ ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ፤ የመኝታ ቤቶቹ በር እንኳ አልገባም። ሳሎኑ ውስጥ ግን ፀሐይ ከመስኮቱ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ተዘርግቷል። ፊት ለፊት ብሎክ የለም፤ የልጆች መጫወቻ የሆነ ሜዳና ከዚያ ወዲያ መንገድ ነው። እማዬ ደረጃውን በሦስት ዕረፍት ነበር የወጣችው። ገብታ መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች። ወጥ ቤቱንም አየች፤ በረንዳው ክፍት ነው። "እዚህ ምጣድ ይጣዳል" አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ባለቤቴ ጀሞ አንድ ቤት አግኝቶ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ፣ ስፋቱ እኩል፣ ዋጋው 860 ሺህ። አራተኛ ፎቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ደረጃው አለ፣ ውሃውም በደካማ ግፊት እዚያ ድረስ አይወጣም፣ ሰው በጀሪካን ያመላልሳል። "160 ሺህ ብር እኮ ነው" አለኝ፤ "ከማኅበሩ የወሰድሽውን ብድር ይዘጋል። የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ። ለፀሐይ 160 ሺህ ይከፈላል?" ሐሳቡን የማጣጥለው አልነበረም፤ ገንዘቡን በላቡ ያመጣ ሰው እንዲህ ካላለ ማን ይበል?

መልሴን በሒሳብ ጀመርኩ፤ በሌላ ቋንቋ አይሰማኝም ብዬ አይደለም፣ ሒሳቡም እውነት ስለነበረ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው መገናኛ አካባቢ ነው። ከሰሚት አንድ ታክሲ ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ዝናብ ላይ ሰልፍ፣ ማታም እንዲሁ። ባለቤቴ የታክሲውን ሒሳብ ራሱ ጻፈ፤ በዓመት፣ ከዚያ በአምስት ዓመት። ልዩነቱ ጠበበ፤ አልጠፋም። የተረፈውን ቁጥር እያሳየኝ "ይኸውና" አለ። እኔም "ይህን ለፀሐዩ እንከፍላለን" አልኩት። ቀለም ይቀየራል፣ ሴራሚክ ይነጠፋል፣ በር ይገባል፤ ገንዘብ ባገኘን ቁጥር። መስኮቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያዞር ግንበኛ ግን የለም። እማዬ ስንት ዓመት እንደምትኖር አናውቅም፤ የምትኖረውን ግን ፀሐይ እየሞቀች ትኑረው።

ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር አስማለኝ፤ ለፊኒሺንግ አንድ ብር አንበደርም። ተስማማን። ለእህቴ ደውዬ ሳስረዳት መጀመሪያ "ያን የመሰለ ቤት ትታችሁ?" ብላ ከፋት። እማዬ ስልኩን ተቀብላ "ልጄ፣ ጀርባዬ ሞቆታል" ስትላት ጸጥ አለች።

ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ጋ ስለሚኖሩ አንድም ቀን አላደሩበትም። "እትዬ፣ ትንሽ ይቀንሱልን" ስል እጄን ይዘው "ለእናትሽ ብዬ" አሉና 20 ሺህ ብር ቀነሱ። በሰጠናቸው ቀብድ የቀረ የባንክ ዕዳቸውን ዘግተው ካርታውን አስለቀቁ፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደን ተፈራረምን። ደላላው ከሁለታችንም ሁለት ሁለት ፐርሰንቱን ወሰደ።

ስንገባ ወለሉን በሊሾ አስመታን፤ ግድግዳውን አስለስነን ነጭ ቀለም ቀባን፣ የመኝታ ቤቶቹን በር አስገባን። ለዓመታት በቃ ይኸው ነበር። ዘመድ ለእንኳን ደስ ያላችሁ ሲመጣ ዓይኑ ሊሾው ላይ ያርፋል። አንዲት የባለቤቴ አክስት "ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል" ብለው ተረቱብን። ቃሉ ልቤ ውስጥ ገባ፤ አልዋሽም፣ ያን ቀን ማታ አልቅሻለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ልጆቹ ሊሾው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ፀሐይ ላይ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እማዬ አጠገባቸው ምስር ስትለቅም ሳይ ማልቀሴ ትዝ አለኝና አዘንኩ፤ ያዘንኩት ለቤቱ አልነበረም።

ያን የሚያብረቀርቅ ቤት ሌላ ሰው ገዛው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከብሎኩ ሥር የተሰባበረ ጂፕሰም ተቆልሎ አይቻለሁ። የእኛ ሴራሚክ የተነጠፈው የማኅበሩ ብድር ካለቀ በኋላ ነው፤ የመረጠችው እማዬ ናት። መርካቶ ሱቅ ውስጥ እየዞረች በእግሯ እየዳበሰች የማያንሸራትት፣ ቡናማ፣ የማያንጸባርቅ ዓይነት ያዘች። ሻጩ "እማማ፣ ይኼ እኮ ፋሽኑ አልፏል" ቢላት "የእኔም አልፏል፣ ጠቅልለው" አለችው።

ዛሬ ቤቶቹ የሚጠየቅባቸው ዋጋ የያኔው ብዙ እጥፍ ነው። ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን ያለች አንዲት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር ቤት እያየች ነው። ፎቶ ታሳየኛለች፤ ጂፕሰም፣ ባለ ቀለም መብራት፣ "ፊኒሺንጉ ያለቀ"። አንድ ያልተሠራ ቤትም አይተዋል፤ ልጅቷ ይህኛው ይሻላል ትላለች፤ እጮኛዋ ግን አልወደደውም። ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ደላላው ከሰዓት 10 ሰዓት ብሎ ነበር፤ ደውላ ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አስቀይራዋለች።