ደረጃውም መንገድ ነው



የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ነን። ሁለታችንም መርካቶ እንሠራለን፤ ብስክሌታችን ግን አንድ ናት። አንዱን ሳምንት አንዳችን እንነዳታለን፣ ሌላችን በታክሲ እንሄዳለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንቀያየራለን። የገዛናትም ለስፖርት ብለን አይደለም። ታክሲ መቀያየሩና የማታው ሰልፍ ጊዜያችንንም ኪሳችንንም ስለጨረሰው ነው።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጀርመን አደባባይን አልፎ በሳር ቤት በሜክሲኮ አድርጎ መርካቶ ለመድረስ አብዛኛው ዳገት ነው። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለት ይሆናል። ስለዚህ ከሱብሒ በኋላ በደረጃ እንወርድና በመንገድ እንወጣለን፤ ማታ በመንገድ እንወርድና በደረጃ እንወጣለን። በየትኛውም በኩል ዳገት አያመልጠንም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለ። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ስለ ብስክሌት ሲወራ የሚነሳው ሁልጊዜ አስፋልቱ ነው። ከቤታችን በር እስከ መሬት 72 ደረጃ አለ። ሊፍት የለም፤ የብስክሌት ማቆሚያም የለም። ብስክሌቷ ደግሞ ከ15 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ ለዋለ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር በሰንሰለት እናስራት ነበር። ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት ስንወርድ የፊት ጎማዋ የለም። ሌባው ሰንሰለቱን ሳይነካ ጎማዋን ብቻ ፈትቶ ወስዷል። ሌላ ጎማ እስክንገዛ ድረስ ሁለታችንም ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ መፍትሔ ያልነው ሁለተኛው ፎቅ ነበር። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከእጅ መደገፊያው ብረት ጋር አሰርናት። ከዚያ በላይ መሸከም ሰልችቶን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም። «ትንሽ ቦታ ነው የያዘችው፣ ሰው ያልፋል» እንባባል ነበር። እውነቱን ብንናገር፣ ሸክሙን ግማሽ መንገድ ተሸክመን ግማሹን ለጎረቤት ተውነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ኃይል ስለሌለው ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ከታች በጄሪካን እየቀዱ ማውጣት ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ እማማ ጄሪካናቸውን ይዘው ሲወጡ እግራቸው ከብስክሌታችን ፔዳል ጋር ተጋጨ። ቅልጥማቸው ተላጠ፤ ውሃው ደረጃው ላይ ፈሰሰ። እንደምንም ግድግዳውን ተደግፈው ነው እንጂ ወደ ታች ሊወድቁ ነበር።

እኛ አልሰማንም። እሳቸውም አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጃቸው «የእናንተ ሳይክል እማማን አቆሰላት» ስትለን ነው ያወቅነው።

ያን ማታ ብርቱካን ይዘን በራቸውን አንኳኳን። እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ይቅር ይበሉን። ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

«ጎማዋን ሌባ እንደወሰደባችሁ አውቃለሁ» አሉ። «አንሱልኝ ብላችሁ የት ታደርጓታላችሁ ብዬ ነው፣ ልጆቼ።»

ቢቆጡን ይሻል ነበር። እኛ ስለ እሳቸው መንገድ ሳናስብ፣ እሳቸው ስለ እኛ ብስክሌት አስበዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገር ማስወገድ ሰደቃ መሆኑን መድረሳ ሳለን ጀምሮ ሰምተናል። ሁልጊዜ የሚታየን ግን እሾህና ድንጋይ ያለበት የውጭ መንገድ ነበር። ደረጃውም መንገድ መሆኑን አላሰብንም። የሰው እሾህ የምናነሳ እየመሰለን፣ ለካ እሾሁን ያስቀመጥነው እኛው ነን። በሕጉም ቢሆን፣ ስለ ጋራ ሕንጻ ቤቶች በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ደረጃው የጋራ ንብረት ነው። የሁሉም ነው ማለት አንዳችን የፈለግነውን እናስቀምጥበታለን ማለት አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቷ የምታድረው ቤታችን ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ነው። መሸከሙንም ቀስ በቀስ ለመድነው። እንደኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ጥቂት ነገር እንንገራችሁ። ካቴናው በብስክሌቱ ቀኝ በኩል ስለሆነ በቀኝ ትከሻ ተሸከሙት፤ ያኔ ካቴናው ወደ ውጭ ይሆንና ልብሳችሁን ግራሶ አይነካውም። በአንድ እጃችሁ መሪውን ያዙ፤ አለበለዚያ የፊት ጎማው እየዞረ ግድግዳ ይመታል። መታጠፊያው ላይ አትቸኩሉ፣ የኋላ ጎማው ከእናንተ በኋላ ነው የሚዞረው። ከመውጣት ይልቅ መውረድ ይከብዳል፤ የምትረግጡትን ደረጃ ብስክሌቱ ይጋርድባችኋልና። በዝናብ ጊዜ ጎማውን ታች ጥረጉት፤ ጭቃችሁን የሚወለውለው ሌላ ሰው እንዳይሆን። ከታች ሰው ሲመጣ ካያችሁ ደግሞ ቆማችሁ አሳልፉ።

ቡኻሪ ላይ ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ሶሐቦች በጉዞ ላይ ከፍታ ሲወጡ ተክቢር፣ ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ ነበር። እኛም ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሻችን ሲያጥር «አላሁ አክበር» ማለት ለመድን። ጉልበት ባይጨምር እንኳ ማጉረምረሙን ቀንሶልናል።

ውሃ በሚመጣበት ቀን ብስክሌቷን ቤት አስገብተን እንመለስና የእማማን ጄሪካን እናወጣለን። ይህን የምንጽፈው ለመመስገን አይደለም፤ ዕዳችን ነው። የቅልጥማቸው ጠባሳ እስካሁን አለ።

የብሎካችንን ኮሚቴ ምድር ቤት ላይ የሚቆለፍ የብስክሌት ማቆሚያ እንዲያሠራ ጠይቀናል፤ ድርሻችንንም እናዋጣለን ብለናል። መልስ እየጠበቅን ነው። እስኪሠራ ድረስ ግን 72ቱም ደረጃ የእኛ ሸክም ነው።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ደረጃችሁን ስትወጡ ልብ ብላችሁ እዩ። የከሰል ጆንያ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የልጅ ጋሪ፣ ባዶ ጄሪካን ይኖራል። ምናልባት አንዱ የእናንተ ነው። መብራት ሳይጠፋ አንሱት።

አላህ ለጎረቤት የማንከብድ ያድርገን።